የተኛውን ኢንዛይም መቀስቀስ
በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ የጤና ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ጤና አጠር ያለ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ጨውና ስለ ስኳር በየስብሰባው ስለተነገረ፣ ከፋርማሲ ሙያዬ ጋር የሚገናኝ ሌላ ጉዳይ መረጥኩ። ይኸውም ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቁ መድኃኒቶች ነው። ስሙ ቢያስፈራም ነገሩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም።

ቅድም የበላነውን ክትፎ እንውሰድ። ሥጋ ፕሮቲን ነው፤ የራሳችን ጨጓራም እንዲሁ። ታዲያ ክትፎውን የሚፈጨው ኢንዛይም ጨጓራችንን ለምን አይፈጨውም? አንዱ ምክንያት ሰውነታችን እነዚህን ኢንዛይሞች አፎቱ ውስጥ እንዳለ ጩቤ ሸፍኖ ስለሚሠራቸው ነው። የጨጓራው ፔፕሲን የሚነቃው አሲድ ሲያገኘው ነው። ትሪፕሲን የሚባለው ደግሞ ከቆሽት ተኝቶ ይወጣና አንጀት ሲደርስ ሌላ ኢንዛይም ይቀሰቅሰዋል። ቆሽት ውስጥ ሳለ ያለጊዜው ከነቃ ግን የወጣበትን ቆሽት መብላት ይጀምራል፤ ያ ሕመም ያገኘው ሰው ስቃዩን ያውቀዋል።

በደማችንም ውስጥ እንዲህ ያለ የተኛ ነገር አለ። ጉበት የሚሠራው ፕላዝሚኖጅን ነው፤ ሲነቃ ፕላዝሚን ይባላል። ደም ሲረጋ ፋይብሪን የተባሉ የፕሮቲን ክሮች እንደ መረብ ይያያዛሉ። ፕላዝሚን እነዚህን ክሮች እየቆራረጠ መረቡን ይበትናል። ሽንኩርት ስንከትፍ ጣታችን ቢቆረጥ የደም መርጋት ጸጋ ነው። የረጋው ደም የአንጎልን ደም ሥር ሲዘጋ ግን ስትሮክ ይሆናል።

ፕላዝሚኖጅንን ከውጭ መቀስቀስ እንደሚቻል ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ከዚህ ብዙም በማትርቀው ባልቲሞር ነበር። ዊሊያም ቲሌትና ጋርነር የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ጀርም የሚያመነጨው ነገር የረጋ ደምን እንደሚያሟሟ አሳወቁ። በኋላ ስትሬፕቶካይኔዝ ተባለ። ይህ ነገር ራሱ ኢንዛይም አይደለም፤ ፕላዝሚኖጅንን ይዞ ያነቃዋል እንጂ። (በነገራችን ላይ፣ በአገራችን ልጆችን በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ኋላ የልብ በራቸውን የሚያበላሸው ጀርም ከዚሁ ዘር ነው። የተበላሸ የልብ በር ደግሞ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊልክ ይችላል። መድኃኒቱም በሽታውም ከአንድ ቤት!)

ስትሬፕቶካይኔዝ ብዙ የልብ ሕሙማንን አትርፏል። ጉድለቱ ፕላዝሚኖጅንን ባገኘበት ቦታ ሁሉ መቀስቀሱ ነው። ከዚያ የመጣው ቲ.ፒ.ኤ. ግን የደም ሥሮቻችን ግድግዳ ራሱ የሚሠራው ነው። ብቻውን ሲሆን ደካማ ነው፤ ፋይብሪን ላይ ሲያርፍ ግን ኃይሉ በብዙ መቶ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ በአመዛኙ የሚሠራው ደም በረጋበት ቦታ ነው። በቤተ ሙከራ የተሠራው አልቴፕሌዝ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ለልብ ድካት፣ በ1996 ለስትሮክ ተፈቀደ። ዛሬ በአንድ መርፌ የሚሰጥ ቴኔክቴፕሌዝ የተባለ ዘመዱም በሥራ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 በ624 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ በ3 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት ከ100 ሰዎች 39ኙ በ3 ወር ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል ጉዳት ብቻ ቀርቶባቸው ወይም ድነው ተገኙ። ካላገኙት ግን 26ቱ ብቻ ነበሩ። ዋጋም አለው። ሕመሙን ያባባሰ የአንጎል መድማት መድኃኒቱን ካገኙት በ6.4 ከመቶ፣ ካላገኙት በ0.6 ከመቶ ላይ ደረሰ። ሐኪሙ አስቀድሞ የጭንቅላት ፎቶ የሚያስነሳውና አጥብቆ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ስትሮኩ ራሱ ከመድማት የመጣ ከሆነ መድኃኒቱ ይገድላል። «አስፕሪን ስጡት» የሚሉ ወገኖቻችንንም እለምናለሁ፤ ቤት ውስጥ ማንም ይህን መለየት አይችልምና ተዉ። ውኃም ሆነ ሻይ አታጠጡት፣ ሊያንቀው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት የሰዓቱን ገደብ ወደ 4 ሰዓት ተኩል አሰፋው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ከታየበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ተኝቶ ታሞ ከተነሣ፣ ደህና ሆኖ ከተኛበት ሰዓት ይጀመራል።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ አደጋ አለ። እናታችን ደህና የነበሩት ጠዋት በ3 ሰዓት ነው እንበል፤ በእነርሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለት ነው። ልጅየው በድንጋጤ «ሦስት ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሆስፒታል የደረሱት በ4 ሰዓት፣ በእነርሱ በ10 ሰዓት ነው። ሐኪሙ 7 ሰዓት አልፏል ብሎ መድኃኒቱን ይከለክላል፤ ያለፈው ግን 1 ሰዓት ብቻ ነበር! ተገላቢጦሹ ይብሳል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የታመመውን፣ ማታ በ4 ሰዓት አምጥታችሁ «ዘጠኝ» ብትሉት፣ 7 ሰዓት ያለፈው ሰው 1 ሰዓት ብቻ ያለፈው ይመስለዋልና መድኃኒቱን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ከስልካችሁ ላይ እያያችሁ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ብላችሁ፣ በወረቀት ጻፉት። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የ10 ዓመት ልጅ ይህን ሸክም አይችልም።

ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ «ትንሽ ልረፍ፣ ይለቀኛል» የሚለውን አትስሙ። 911 ደውሉ። በራሳችሁ መኪና አትውሰዱት፤ አምቡላንሱ ሆስፒታሉን በመንገድ ላይ ሳለ ያስጠነቅቃል። ስለ ገንዘቡ ለምትሰጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሜዲኬር የሚቀበሉ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍላቸው የደረሰን ሕመምተኛ፣ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ እንዲመረምሩና እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ማኅበራችን የሚረዳበት መንገድ አለ።

4 ሰዓት ተኩሉ ቢያልፍም አትቅሩ። ትልቅ ደም ሥር ሲዘጋ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ የሚያወጡበት ሕክምና ለአንዳንድ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። የመድኃኒት ብልቃጦቹን ሁሉ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ ካለ፣ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

ወረቀትና እርሳስ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ከቡናው በኋላ እመልሳለሁ።