ትንሿ መኪናና የጊቤ ዳገት



ኮሚቴው ደውሎ «ከተመረቅሽ በኋላ ስላለፈው 20 ዓመት አሥር ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ፣ ስለ ሰመመን ሕክምና አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። ትናንት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስነዳ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ስለ ሕክምናው ነገ ፕሮፌሰሮቹ ይነግሯችኋል፤ እኔ ስለ መኪናዬ ላውራ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

መኪናዬ ሱዙኪ ስዊፍት ናት። ሕንድ የተሠራች፣ 1,197 ሲሲ፣ ማርሿ በእጅ። ውጭ ዛፉ ሥር የቆመችው ቀይዋ። በ2013 ስገዛት አዲስ ነበረች። ለምን እሷን መረጥሽ ብትሉኝ፣ የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፦ አቅሜ እሷን ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1,300 ሲሲ በማይበልጥ አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 100 በመቶ ነው የጣለው። ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ማስገባትማ ጭራሽ አይታሰብም። ቀን የመንግሥት ደሞዝተኛ ሆኖ ማታ የግል ሆስፒታል ለሚሮጥ ሐኪም፣ ሒሳቡ ራሱ ወደ ትንሽ ሞተር ይገፋዋል።

ሁለተኛውን መልስ ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት ቆይቼ ነው። መንዳት እወዳለሁ።

እዚህ ያላችሁ አንጋፋ መምህራን የሚገባችሁ ይመስለኛል። እኛ ተማሪ ሳለን ሆስፒታሉ በር ላይ ሁልጊዜ የምትቆም አንዲት ቮልስ ነበረች። ባለቤቷን ስም አልጠራም፣ እዚሁ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። ራውንድ ጨርሰው ሲወጡ፣ ያቺ መኪና ጭቃ ለጭቃ እየተንሸራተተች ስትሄድ መምህራችን ከውስጥ ፈገግ ብለው እናያቸው ነበር። በጠዋቱ ራውንድ ላይ ግን ያ ፈገግታ ለኛ ተርፎን አያውቅም። ያኔ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል።

አውሮፓ ውስጥ «ለገበያም ለደስታም» የሚሆን ትንሽ መኪናን በሰፊው ያስተዋወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ጎልፍ ጂቲአይ ነው። 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱ 810 ኪሎ ገደማ። የኔዋ ፋብሪካው በሰጣት ወረቀት ላይ 83 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ስለዚህ «ስፖርት መኪና» ብላት መኪና የሚያውቁት ጓደኞቼ ያፌዙብኛል። ክብደቷ ግን 860 ኪሎ አካባቢ ነው። ምስጢሩም ያ ነው። ቀላል መኪና መታጠፊያ ላይ እጅሽን ትሰማለች፤ ፍሬን ስትነኪ ወዲያው ትይዛለች። ደስ እንዲልሽ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር መብረር የለብሽም፤ በ40ም ቢሆን፣ ሌሊት ከተረኝነት ስትመለሺ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ በልኩ መቀየር ብቻውን ያነቃል። ለስድስት ሰዓት የሰው ትንፋሽ ስትጠብቅ ላደረች ሴት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ 83 ያልኩት የፈረስ ጉልበት አዲስ አበባ ላይ 83 አይደለም። የሰመመን ሐኪም ስለሆንኩ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል። በኔ ግምት ከተማው ውስጥ የምነዳው ከ65 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይበልጥም። ሃይፖክሲክ ታካሚ ናት በሉት። ዳገት ላይ ስትጠየቅ ታለከልካለች፤ ማርሽ ካልቀነሱላት አትወጣም።

ታዲያ ትናንት ምን ሆነ መሰላችሁ? ወልቂጤን አልፌ ወደ ጊቤ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ፣ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ድልድዩ ጋ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። አየሩ ወፍራም ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ነዳጅ ሰጠኋት፤ በሦስተኛ ማርሽ እያዜመች ወጣች። ኦክስጅን እንደተሰጠው ሰው! ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ማለቴ፣ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ «እማ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። እናንተዬ፣ እኛ በዚያ ዳገት ላይ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ አስመለሰን! የቲቲፒ ምድብ ወጥቶ አሰንዳቦ የደረሰን ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ፍራሽና ድስት ጣራ ላይ ጭነን።

ስለ ትንሽ መኪና ኑሮ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ወንበሯ ጠንካራ ነው። አዲስ አበባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በየመቶ ሜትሩ ስላለ ሆዷ እንዳይነካ በጎን በጎን ነው የምሻገረው። ከኋላ ሁለት ሰው እንጂ ሦስት ጤነኛ ሐኪም አይቀመጥም። ቤንዚን ግን በከተማ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር፣ ትናንት ደግሞ 19 ሄዳልኛለች። ወለልና ጎማ ካልሆነ በቀር ጋራዥ ደጅ አልጠናሁም፤ መለዋወጫዋም እስካሁን ይገኛል።

ትልቁ ችግር ሰው ነው። አንድ የግል ሆስፒታል በር ላይ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተጠርቼ ስደርስ ጥበቃው «ራይድ ውጭ ነው የሚቆመው፣ እህቴ» ብሎ መለሰኝ። ውስጥ ታካሚዋ እየደማች ነው። ባጄን እስካወጣ ድረስ የጠፋችው ደቂቃ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች። ሌላ ቀን ደግሞ መብራት ላይ ቆሜ አንዲት እናት የኋላውን በር ከፍተው ገብተው «ቦሌ ሚካኤል» አሉኝ። መንገዴ ስለነበር አደረስኳቸው፤ ሒሳብ ሲሉኝ «ተከፍሏል እማማ» አልኩ። ወንድሜማ «ዶክተር ሆነሽ በዚህች? ትልቅ መኪና ይገባሻል» ማለቱን አልተወም። አሁን ደግሞ ምክሩ ተቀይሯል። በ2016 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሁሉም «ሸጠሽ ኤሌክትሪክ ግዢ» ባይ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ገዝታለች፤ መብራት ላይ ጥላኝ ትሄዳለች፤ ከፍታው ሞተሯን አያደክመው። እመሰክርላታለሁ። ባትሪው ግን ከባድ ነው፤ መሪውን ስይዘው ያቺን ቅለት አጣኋት።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ ነው የግጭት ፍተሻ ውጤቷን ያነበብኩት። ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሕንድ የተሠራውን ስዊፍት ፈትሾ ለአዋቂ ተሳፋሪዎች ጥበቃ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቶታል። ይሄን ያነበብኩት አንድ ምሽት ላይ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት ታካሚ የጭነት መኪና ጋር የተጋጨ የትንሽ መኪና ሾፌር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ። ቱቦ ሳስገባለት የማስበው ስለ እሱ ብቻ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። ደስ የሚለኝ ያ ቅለት፣ 30 ቶን የጫነ ገልባጭ ፊት ለፊት ሲመጣ የኔ ጠላት ነው። ፊዚክሱን ልከራከረው አልችልም።

መሸጥ ነበረብኝ? ብዙ አስቤበታለሁ። አልሸጥኳትም። ከዚያ ወዲህ ግን ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች አልነዳም፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ከኋላም ቢሆን አልጭንም፤ ዝናብ ከጣለ ወልቂጤ አድራለሁ። ትናንት አንድ አይሱዙ ደርቦ ሲመጣብኝ ከአስፋልቱ ወጥቼ ጠጠሩ ላይ ቆምኩለት። ድሮ ቢሆን ክላክስ እየነፋሁ መብቴን እከራከር ነበር።

ልጄ ባለፈው ወር 18 ሞላት፤ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ትምህርት ጀምራለች። ፍሪሲዮን መልቀቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በዚህችው መኪና፣ እሑድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ። እጇ ከኔ ይሻላል፣ እውነቴን ነው። አባቷ «ቁልፉን ስጫትና ለራስሽ ሌላ ግዢ» ይላል። መንዳትን እንደኔ እንድትወድ እፈልጋለሁ። በዚህች መኪና ብቻዋን ስትወጣ ግን በር ላይ ቆሜ የማስበው ያንን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። እሷ ደግሞ ይሄንን ታውቃለች፤ አትጠይቀኝም፤ ዝም ብላ ቁልፉን ትመለከታለች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የድንገተኛና የኦርቶፔዲክ ሐኪሞች አላችሁ፤ ልጆቻችሁም መኪና እየነዱ ነው። ምሳ ላይ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ገና አልወሰንኩም።

ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንመለሳለን። አዲስ አበባ የሚሄድ ካለ ከኋላ ቦታ አለ፤ ለአንድ ሰው፣ ሻንጣው ትንሽ ለሆነ። ሁለት ከሆናችሁ የጊቤን ዳገት መግፋት ሊኖርባችሁ ነው።