የ106 ቀን ርዕሰ መስተዳድር



የሥልጣን ዘመን ርዝመቱ አስቀድሞ አይታወቅም። በአፋር ክልል አቶ እስማኤል አሊሴሮ ከአሥር ዓመት በላይ ርዕሰ መስተዳድር ሆነው ሠርተዋል። በጎረቤት አማራ ክልል ግን ዶክተር አምባቸው መኮንን በወንበሩ ላይ የቆዩት 106 ቀን ብቻ ነው።

ዶክተር አምባቸው የደቡብ ጎንደር ጋይንት ተወላጅ ነበሩ። በሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ አጥንተው፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከደቡብ ኮሪያ፣ ዶክትሬታቸውን ከእንግሊዝ ኬንት ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በክልሉ በልዩ ልዩ ኃላፊነት ካገለገሉ በኋላ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማትና ቤቶች ሚኒስትር፣ በ2010 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመሠረተ ልማት አማካሪ ሆኑ።

የካቲት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. አቶ ገዱ አንዳርጋቸው ሲለቁ የክልሉ ምክር ቤት ዶክተር አምባቸውን በቦታቸው ሾመ። ጊዜው ከባድ ነበር፤ በግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች መፍትሔ ይጠብቁ ነበር። ሰኔ 15 ቀን ባሕር ዳር ላይ ስብሰባ እየመሩ ሳለ ከአማካሪያቸው ከአቶ እዘዝ ዋሴ ጋር ተገደሉ። የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደም ቆስለው ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ።

ምክር ቤቱ አቶ ተመስገን ጥሩነህን የሾመው በሐምሌ ነው። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ በዚያ ክልል የዘርና የማዳበሪያ ወቅት ነው። ዝናብ ሹመት አይጠብቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ ገበሬው ማዳበሪያውን በወቅቱ የሚያገኘው የመሠረታዊ ማኅበሩና የዩኒየኑ ሥራ በአንድ ሰው ላይ ካልተንጠለጠለ ብቻ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎም ከዚህ የምትማረው አለ። የመጋዘን ቁልፍ፣ የአባላት መዝገብና የባንክ ፊርማ በሊቀ መንበሩ እጅ ብቻ ከሆኑ፣ እርሱ በታመመ ዕለት ሥራው አብሮ ይተኛል። በመሆኑም ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሒሳብ በየዓመቱ ይመርመር፤ ምክትሉ ሥራውን ከወዲሁ ይወቅ። የወረዳ ኃላፊ ሲቀየርም ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ ለአባላት የተገባው ቃል ከኃላፊው ጋር እንዳይሄድ።

መሪ ያልፋል፤ የአባላት ንብረትና አደራ ግን ይቆያል።