ያገለገሉ ዕቃዎችን በኅብረት ስለ መሸጥ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ለቤተሰቡም በደንቡ የተወሰነውን ገንዘብ ይሰጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሚሆነውን ግን ብዙ ጊዜ አናይም። የሚያስተዳድረው ሰው የሞተበት ቤት ውሎ ሳያድር ቁም ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ የሟቹን ካፖርት አንድ በአንድ ማውጣት ይጀምራል። ጎረቤት እንዳያይ ተብሎ በማለዳ በበር ላይ ላለፈ ቆራሌው ይሰጣል፤ ልብሱም በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ለልዋጭ ይሄዳል። ያው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ፣ ተጠግኖና ተወልውሎ በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ዕቃውን አጥብቆ የሚፈልገው ሰው እኮ እዚሁ ከሦስት ቤት ወዲያ ሊኖር ይችላል።

በመሠረቱ ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም። የሚከብደው ብቻን መሸጡ ነው። ስለሆነም በዓመት አንድ ቀን በዕድራችን ግቢ የጋራ ሽያጭ እንዲደረግ ሐሳብ አቅርበናል። ያለውም የቸገረውም፣ እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ዕቃ ያምጣ። የሁላችንም ዕቃ ከተቀላቀለ ማን በትርፍ፣ ማን በችግር እንደሸጠ የሚለይ አይኖርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም? አሠራሩን ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

አንደኛ፣ ቀኑን በሚመለከት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን የሚውል እሑድ ይመረጣል። ቤተ ክርስቲያን የሄደውም እንዲደርስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል። በዚያ ሳምንት ሐዘን ከደረሰብን ሽያጩ ይተላለፋል፤ ድንኳኑም ወንበሩም በቅድሚያ የሐዘንተኛ ነው። ማስታወቂያው በወርኃዊ መዋጮ ቀን ይነገራል፣ በየአጥሩም ይለጠፋል። በጡሩምባ ግን አይለፈፍም። ጡሩምባ ሲሰማ ስንት ሰው ክው እንደሚል እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ የዕቃ አቀባበል። ዕቃ የምንረከበው ከሽያጩ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ነው። በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም አይጻፍም። የባለቤቱ ስም፣ ፊርማና የመጨረሻ ዋጋ በመዝገብ ይሰፍራል፤ መዝገቡን የሚይዘው ጸሐፊው ብቻ ነው። ይህ ቁጥር የሰውን ክብር የሚጠብቅ ነውና እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ አደራ እንላለን። የሟች ዕቃ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተው ሲፈርሙ ብቻ እንቀበላለን። አንዱ ልጅ ያመጣውን ሌላው ልጅ እያለቀሰ ሲፈልገው ማየት አይገባንም። ኪስና መሳቢያም አስቀድሞ ይፈተሽ፤ ፎቶግራፍ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር እዚያ ተረስቶ ሊገኝ ይችላል።

የማንቀበለውም አለ። ባለቤትነቱ በደረሰኝ ያልተረጋገጠ የእጅ ስልክ፣ መድኃኒት፣ ትኋን ያለበት ፍራሽ፣ የሚያፈስ ቡታጋዝ፣ ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን አይገባም። ጀሪካኑ ቢታጠብም ነገ ውሃ ይቀዳበታልና አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋጋና አቀራረብ። ደህና ይዞታ ያለው ዕቃ ዛሬ አዲሱ ከሚሸጥበት ሢሶ ያህል ቢጠየቅበት ሚዛናዊ ነው ብለን እናምናለን። ገበያተኛ ሳይከራከር አይገዛምና ጥቂት ጨምሮ መጻፍ ይበጃል፤ ባለቤቱ ካስመዘገበው የመጨረሻ ዋጋ በታች ግን አይሸጥም። ልብስ ታጥቦ በገመድ ይሰቀል። ድስት፣ ትሪ፣ ጀበናና ረከቦት በአግዳሚ ላይ ይደርደሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድና ካውያ በገዢው ፊት ተሰክተው ይሞከሩ፤ ጉድለት ካለ በግልጽ ይነገር። ነገ የምንገናኘው እዚሁ ሰፈር፣ ምናልባትም በአንድ ድንኳን ሥር ነው።

አራተኛ፣ ገንዘቡ። ሰው የሚቀያየመው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ደረሰኝ ይጽፋል፣ ሌላው ገንዘብ ይቀበላል፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው አይዝም። ባለ 10ና ባለ 50 ብር መልስ ከዋዜማው ይዘጋጅ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስለመጣ በስልክ የሚከፍል ብዙ ነው፤ ክፍያው ወደ ዕድሩ ሒሳብ ይግባ እንጂ በማንም ግለሰብ ስልክ አይግባ። የኮሚቴ አባላት ሽያጩ ሳይከፈት አንዲት ማንኪያ እንኳ አንገዛም፤ መርጠው ወሰዱ እንዳንባል። ሲያበቃ ሦስት ታዛቢዎች ባሉበት ይቆጠራል፣ ጠቅላላ ድምሩም ይለጠፋል።

ከ100 ብር ሽያጭ 10 ብሩ ለድንኳንና ለወንበር መጠገኛ ለዕድሩ ይቀራል። በዓመቱ ሐዘን ከደረሰበት ቤት ግን ምንም አይቆረጥም። ያልተሸጠውን ባለቤቱ በዚያው ቀን ይወስዳል፤ ካልፈለገው ብረታ ብረቱ በኪሎ ለቆራሌው ይሰጣል። ቆራሌው ሥራው ነው፣ አንነቅፈውም፤ ተራው መጨረሻ ላይ ይሁን ነው የምንለው።

«ለዚህ ሁሉ ድካም ስንት ብር ይገኛል?» ትሉን ይሆናል። ብዙ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን አንዲት እናት የባሏን ካፖርት በማለዳ ተደብቃ ከምትሰጥ፣ ከእኛ ካፖርቶች ጎን በተገቢው ዋጋ ቢሸጥላት ዕድራችን ከቀብር በኋላም አብሯት ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ቁም ሣጥናችሁን ከፍታችሁ እንድታዩ፣ በሐሳቡም ላይ ተወያይታችሁ እንድትወስኑ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሐዘን ያርቅልን።