ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት
(አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰማው ንግግር)



እኛ የስሜን ልጆች ዳገት አያስፈራንም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፥ ቁልቁለት ወርደው፥ ዳገት ወጥተው ነው ለደወሉ የሚደርሱት። ስለዚህ የአበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ «እሱም የደጋ ልጅ ነው፤ ሩጫው የተፈጥሮ ስጦታ ነው» እንላለን። ይህ አነጋገር ግን ግማሽ እውነት ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠብቋል። ነገር ግን የደጋ እረኛ ሁሉ ጀግና ሯጭ አልሆነም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ከሆነ በኋላ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በትጋት አሠለጠነው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጠ። ያን ጊዜ በዚያው ከተማ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ፥ ሞሮኮአዊውን ራዲን ቀድሞ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፥ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንግዲህ በባዶ እግርም በጫማም ካሸነፈ፥ ምሥጢሩ በእግሩ ሳይሆን በልምምዱ ነበረ።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ አቋረጠ፤ ድሉን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፥ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በቀስት ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በቅርቡ የመጨረሻውን ፈተና እንቀመጣለን። ከመካከላችን የሚያልፍ አለ፤ የሚወድቅም ይኖራል። የወደቀው «ዕድሌ ነው» ብሎ ደብተሩን አይጣል። ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተም ልጃችሁ አንድ ጊዜ ቢወድቅ «ይብቃው፤ ከብት ይጠብቅ» አትበሉ። አበበም እረኛ ነበረ፤ የሚያሠለጥነው ሰው ባያገኝ ኖሮ ስሙን ዛሬ ማን ያውቀው ነበር?