ለከብት መድኃኒት ማንን እንጠይቅ?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁት በሰብል ልማት ነው። ስለ ከብት መድኃኒት ለመናገር የተነሣሁት በራሴ ስህተት ምክንያት ነው።

አንድ አባት ቅዳሜ ከጂንካ ገበያ የገዙትን መድኃኒት በፌስታል ይዘው መጡ። በሬያቸው ከስቷል፣ ፀጉሩ ቆሟል። «ገንዲ ነው፤ ስንት ልውጋው?» አሉኝ። አላውቅም ለማለት አፈርኩ። «ግማሹ ይበቃዋል» አልኳቸው። በሬው ጥቂት ቀን ተሻለው፤ ከዚያ ወደቀ፣ አልተነሣም። እኚህ አባት ዛሬም ሰላምታ አይነፍጉኝም። ስለ ማዳበሪያ እንኳ ግን አይጠይቁኝም።

ኋላ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስረዳኝ። ዲሚናዚን የሚባለው የገንዲ መድኃኒት ለአንድ ኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 1.05 ግራም መሆኑ ነው። ሲያንስ ብርቱው ተሕዋስ ተርፎ ይራባል፤ የቆላ ዝንብም ወደ ጎረቤት ከብት ያደርሰዋል። በግቤ ሸለቆ መድኃኒቱን የተላመደ ተሕዋስ ከተገኘ ቆይቷል። እንግዲህ ስህተቴ የአንድ በሬ ብቻ አይደለም።

አርብቶ አደሩን «ለምን ከመንገድ ትገዛለህ?» እያልን እንወቅሳለን። በአዋጅ ቁጥር 728/2004 መሠረት ያለ ፈቃድ የእንስሳት መድኃኒት መነገድ ክልክል መሆኑ እውነት ነው። ነጋዴው ግን ከዲመካም ሆነ ከቀይ አፈር ገበያ አይቀርም፤ ቋንቋውንም ያውቃል። የእኛ ባለሙያ ስብሰባ ሲጠራ በሩ ይዘጋል። (ኃላፊዎች ይቅር በሉኝ፤ ስብሰባውን የምትጠሩት እናንተ ናችሁ።) በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች የደስታ በሽታን ክትባት ሰጥተዋል፤ ሕዝቡም ከብቱን አቅርቦላቸዋል። በ2003 ዓ.ም. ዓለም ከዚያ በሽታ ነጻ መሆኗ ታወጀ።

ዩኒየናችን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያቀርባል። ከመጋዘኑ አንዷን ክፍል ፈቃድ ላለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያድርግልን፤ በገበያ ቀን የማይጠፋ ባለሙያም ይቅጠርበት። አባላትም መድኃኒት ስትገዙ ማሸጊያው አለመከፈቱንና ጊዜው አለማለፉን እዩ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። ከብቱ ከተወጋ በኋላ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣም ጠይቁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መልሴ «አላውቅም፤ ክሊኒክ አብረን እንሂድ» ነው። ያንን አባትም እንዲሁ ብያቸዋለሁ። ገና አልመለሱልኝም።