ደብተሩ ለምን አልቀረም?



«ኮምፒዩተር ተገዝቶ ደብተር ለምን አልቀረም?» ላላችሁን መልስ እንስጥ። የጫንነው ፒችትሪ 2010 ነው፤ አሮጌ ነው፣ ግን እናውቀዋለን። መዝገቡ ያለው በገንዘብ ያዣችን ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ የጸሐፊው ማሽን በኔትዎርክ ከዚያ እየከፈተ ይሠራል። ስለዚህ ያኛው ካልበራ፣ ፐርቫሲቭ የሚባለው የመዝገብ አንቀሳቃሽም ካልተነሣ፣ ይኼኛው ምንም አያሳይም። ፋየርዎሉ ሁለቱን መተላለፊያዎች፣ 1583ንና 3351ን፣ ከዘጋም ያው ነው። እነዚህን ለማስከፈት ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

ታዲያ ባለፈው ሐዘን ድንኳን ተተክሎ፣ ቤተሰቡ የዕድሩን ገንዘብ እየጠበቀ፣ መዝገቡ አልከፈት አለን። ፋየርዎሉን ስንወቅስ ቆየን። ለካ ገንዘብ ያዣችን ማሽኑን አጥፍተው፣ ክፍሉን ቆልፈው ቀብር ሄደዋል! ውዝፍ አለመኖሩን ከደብተሩ አይተን ከፈልን። አሁን ትርፍ ቁልፍ ከጸሐፊው ዘንድ ተቀምጧል፤ ደብተሩም በየወሩ ይጻፋል።