የሳንቲም ሰብሳቢ ጣዕምና ልማድ እንዴት እንደሚለወጥ
(ለማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ጥቂት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ድልድይና ስለ ግድብ በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ ሳንቲም ሰብሳቢ መናገር ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሳንቲም ማለት ክብደቱ፣ ስፋቱና የቅይጡ መጠን አስቀድሞ ተወስኖ አንዱ ከሌላው ሳይለይ በብዛት እንዲሠራ የታሰበ ዕቃ ነው፤ በዚህም ረገድ ከምሕንድስና ሥራዎች ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት ይቈጠራል። ሰብሳቢው ደግሞ አንድን ዕቃ እንዴት መመልከት እንደሚገባ ለመማር ረጅም ዓመታት የሚፈጅ ሰው ነው። ያ ትምህርት በጂንካና በደቡብ ኦሞ ምድር መንገድ ለሚቀይስና ቦይ ለሚያስቈፍር ባለሙያ ጭምር የሚያገለግል መሆኑን ማሳየት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

የሰብሳቢነት መጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የብዛት ፍቅር ነው። ጀማሪው ያገኘውን ሁሉ ያጠራቅማል፤ ደስታውም በቍጥር ይለካል። ለምሳሌ በመንግሥት ሥራ ወደ ጂንካ የተመደበ አንድ ወጣት ይህ ፍቅር ቢያድርበት፣ በመጀመሪያ ከእጁ የሚገቡት በ1969 ዓ.ም. የወጡት የአንበሳ ራስ የተቀረጸባቸው ሳንቲሞች ይሆናሉ። ቀጥሎም ከአረጋውያን ሣጥን ውስጥ 1936 የሚል ዓመት ያለባቸውን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ የታተመባቸውን የመዳብ ሳንቲሞች ይፈልጋል። ዕድል ሲቀናው አንድ ጠገራ ብር ይገዛል። በላዩ ላይ 1780 የሚል ቍጥር ሲያነብም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ዕቃ እንዳገኘ ቈጥሮ ደስታውን አይችለውም።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ማርያ ቴሬዛ በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1780 ዐረፈች። ብሯ ግን ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት መመታቱን አላቋረጠም፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ስለ ነበር ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትሰናዳበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረክባ በሮም አስመታችው። ከ1936 ጀምሮ እንግሊዞች በለንደን፣ ኋላም በቦምቤይ መቱት። ሁሉም የሚለው ግን 1780 ነው። የራሳችንም 1936 ዓ.ም. እንዲሁ ነው፤ በዚያ ዓመት የተጻፈው ቍጥር ሳይለወጥ ሳንቲሞቹ ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። እንግዲህ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን የዕቃውን ዕድሜ ላይናገር ይችላል። ይህን የተረዳ ሰብሳቢ ቍጥሩን ማንበብ ትቶ ዕቃውን ራሱን መመልከት ይጀምራል።

ሁለተኛው ደረጃ ይህ የመመርመር ደረጃ ነው። በድሮው ገበያ ጠገራ ብር ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች እየቈጠረ፣ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢደበዝዝ ብሩን ይመልስ ነበር። ያ ገበሬ ወይም ነጋዴ የሚያደርገው መሐንዲስ ዛሬ የጥራት ቍጥጥር ከሚለው የተለየ አልነበረም። ሰብሳቢውም ይህንኑ ጥንቃቄ በሚዛን ያግዘዋል። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ክብደቱ እጅግ የታመነ ከመሆኑ የተነሣ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ከእርሱ ጋር እኩል ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆነ ማለት ነው።

ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም፤ አስመሳዩ ክብደቱን ሊያስተካክል ይችላልና። እዚህ ላይ የጥንቱ የአርኪሜዲስ ሕግ ያገለግላል። ከላይ የተጠቀሰው ቅይጥ እፍጋቱ በኩቢክ ሴንቲሜትር 10.2 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጠገራ ብር በቀጭን ክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቢመዘን 2.75 ግራም ያህል ይቀልላል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው፣ በላዩ ብር የተለበጠ ናስ ግን 3.3 ግራም ያህል ይቀልላል። የግማሽ ግራም ልዩነት ሐሰትን ከእውነት ይለያል። እንደዚሁም 1996 ዓ.ም. የሚለው የ10 ሳንቲም በናስ የተለበጠ ብረት በመሆኑ ማግኔት ይስበዋል፤ 1969 የሚለው ግን ናስ በመሆኑ አይሳብም። ሁለቱን ከገበያ ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ለመለየት ዐሥር ሳንቲም የማያወጣ ማግኔት ይበቃል።

በዚህ ደረጃ ያለ ሰብሳቢ ጣዕሙ ከብዛት ወደ ሙሉነት ይዞራል። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቷቸውን፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸውን ሙሉ ብር፣ አላድ፣ ሩብና ተሙን አሟልቶ ማየት ይመኛል። በአንዱ ላይ አንበሳው ግራ እግሩን፣ በሌላው ላይ ቀኙን ማንሣቱን ለማየት አጉሊ መነጽር ይገዛል። ከሁሉም ይልቅ የስሕተት ታሪክ ያላቸው ዕቃዎች ይማርኩታል። ከነዚህም አንዱ ክቡ የመዳብ ስሙኒ ነው። ስፋቱ ከብሩ ሽልንግ፣ ማለት ከ50 ሳንቲሙ ጋር በመቀራረቡ፣ አንዳንዶች ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ አሳለፉት። ከዚህ የተነሣ ክቡ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተቈረጠ ስሙኒ ወጣ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰብሳቢ ጠርዙን በጣቱ በዳሰሰ ቍጥር አንድ የንድፍ ጕድለት እንዴት እንደ ታረመ ያስታውሳል። ቅይጡንም ሆነ መልኩን መለወጥ ሳያስፈልግ፣ ዐይነ ስውር እንኳ በጣቱ የሚለየው መፍትሔ ተገኘ።

የጣዕም ለውጥ የእጅን ልማድም ይለውጣል። ጀማሪው የጠቈረ ብር ሲያይ በሎሚና በአመድ፣ ወይም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ ያበራዋል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ንጹሕ ይመስለዋልና። ዳሩ ግን ጥቁረቱ ብሩ በአየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሕድ ጋር በመዋሐዱ የተፈጠረ ስስ ሽፋን ነው፤ ሲፈተግ የሚሄደው እርሱ ብቻ ሳይሆን የማተሚያው ብረት በብሩ ላይ የተወው ረቂቅ ገጽታ ጭምር ነው። የታጠበ ሳንቲም አይመለስም። እንዲሁም ሳንቲሙን ለስላሳ በሆነ ርካሽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽጎ ማስቀመጥ፣ ፕላስቲኩ በሙቀት ሲፈርስ በሚወጣው አሲድ ምክንያት መዳቡን ወደ አረንጓዴ ዝገት ይለውጠዋል። እንደ ኦሞ ሸለቆ ባለ ሞቃት ቈላ ይህ ጕዳት ይፋጠናል። ስለዚህ የበሰለ ሰብሳቢ ጠርዙን ብቻ ይዞ ያነሣል፤ በደረቅ ወረቀት ይጠቀልላል፤ ከዚያ በቀር አይነካውም። ልማዱ ከማድረግ ወደ አለማድረግ የተለወጠ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ከሁሉ የሚከብደው ሲሆን፣ ደቡብ ኦሞም በተለይ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በሐመርና በበና፣ በዳሰነችና በሙርሲ ዘንድ ሀብት ከሁሉ በፊት ከብት ነው፤ ብረትና ዶቃ ግን በሰውነት ላይ ሆነው ይናገራሉ። በሐመር አገር ከቆዳና ከብረት የተሠራው የአንገት ጌጥ ያጠለቀችው ሴት የመጀመሪያ ሚስት መሆኗን ያመለክታል። በዳሰነች ዘንድ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ክዳንና ያረጀ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ ተሰካክተው የራስ ጌጥ ይሆናሉ። የአንገት ጌጡ ከባለቤቷ ተለይቶ በመስታወት ሣጥን ቢቀመጥ የብረትና የቆዳ ቍራጭ ብቻ ነው፤ ክዳኑም ከጌጡ ቢነቀል ተመልሶ ቆሻሻ ይሆናል። ትርጕሙ ያለው በዕቃው ብቻ አይደለም፤ በቦታውና በባለቤቱ ነው።

ይህን ያየ ሰብሳቢ ወደ መደርደሪያው ሲመለስ ዕቃዎቹን በሌላ ዓይን ያያል። ቀድሞ ጠገራ ብር ተበስቶ ካገኘው የተበላሸ ነው ብሎ ይንቀው ነበር። አሁን ግን ቀዳዳው የዕቃው ታሪክ መሆኑን ይገነዘባል፤ በኢትዮጵያ ጠገራ ብር በአንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። ያልተበሳው የውጭ አገር ባንክ ካዝና ውስጥ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ የተበሳው ግን በአንድ ቤት ውስጥ ኖሯል። ይሁንና ያ ቤት የማን እንደ ነበረ ካልተጻፈ ቀዳዳው ዲዳ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ደረጃ የሰብሳቢው ገንዘብና ጊዜ ከሳንቲሙ ይልቅ ወደ ደብተሩ ይሄዳል፤ ከማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደ ተገኘ ይመዘግባል። ስብስቡ ቢያንስም ዕውቀቱ ይበዛል። በጂንካ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ትልቁ ዋጋም እዚህ ላይ ነው፤ የየዕለቱን ዕቃ ከሠራውና ከተጠቀመበት ሕዝብ ጋር አያይዞ ያሳያል።

ከዚህ ጋር የሕሊና ጥያቄም ይመጣል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሲተኩ ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ለሰብሳቢ የሞተ ኖት አዲስ ዕቃ ነው፤ ከባንክ ብዙ ቀን መንገድ ርቆ ከብት ለሚጠብቅ ሰው ግን የሞተ ኖት የሞተ ፍየል ነው። እንደዚሁም የአንዲትን አሮጊት ጠገራ ብር ከውስጡ ካለው 23.4 ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ በታች መግዛት ዕድል ሳይሆን ድፍረት መሆኑን የበሰለ ሰብሳቢ ያውቃል። ቀድሞ በርካሽ ስለ ገዛው ይኵራራ ነበር፤ አሁን ዋጋውን ለሻጭዋ ራሱ ይነግራታል። አንዳንዴም አይግዛም፤ ታሪኩን ብቻ ጽፎ፣ ብሩን ለልጆቿ እንድታቆይ መክሮ ይመለሳል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከሳንቲም ወጥተን ወደ ሙያችን ብንሻገር፣ የዚህ ሁሉ ፍሬ በኦሞ ሸለቆ ጐልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የጥንት ሰው አፅም ተገኘ። አፅሙ እንደ ሳንቲም ቀን አልተጻፈበትም፤ ቢጻፍበትም ባልታመነ ነበር። ነገር ግን የተገኘበት ቦታ በሚገባ ስለ ተመዘገበ፣ ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ተመልሰው ቦታውን አገኙት፤ ከቀድሞው አፅም ጋር የሚጋጠሙ ተጨማሪ ስብርባሪዎችንም ለቀሙ። በ2005 ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ዕድሜው 195,000 ዓመት ገደማ ነው ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ቢያንስ 233,000 ዓመት መሆኑ ተገለጸ። አፅሙ አንድ ነው፤ ዕውቀቱ ያደገው ቦታው ባለመጥፋቱ ነው። አንድ ሰው በዚያን ጊዜ አፅሙን አንሥቶ በሣጥኑ ቢያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ስለ ዕድሜው የሚናገር አይኖርም ነበር።

በዚያው አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ሰፊ መሬት ተመንጥሯል፤ ቦይም ተቈፍሯል። መንገዶችም ተጠርገዋል። የቡልዶዘር ምላጭ በአንድ ቀን የሚገልጠውን አፈር ተመራማሪ በዕድሜው አይገልጠውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ ወይም በመንገድ ሥራ ቍፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሁሉ ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ዕቃውን እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ሕጉ ግልጽ ነው። የሚጐድለው ግን በቍፋሮው ዳር የቆመው መሐንዲስ ምን ማድረግ እንደሚገባው አስቀድሞ የማወቅ ልማድ ነው። ያገኘውን በኪሱ ከትቶ በመልካም ልብ ወደ ሙዚየም የሚያመጣ ሰው እንኳ ዕቃውን አድኖ ታሪኩን ያጠፋል።

በመሆኑም የማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮችን ቢያስቡባቸው መልካም ነው። አንደኛ፣ በየሥራ ውሉ ላይ ቅርስ ሲገኝ ሥራው በዚያ ነጥብ እንዲቆምና ሥራ ተቋራጩ ለባከነው ጊዜ እንዳይቀጣ የሚል አንቀጽ ይግባ፤ ቅጣት የሚፈራ ፎርማን ያየውን አይናገርምና። ሁለተኛ፣ የቅየሳ ቡድን ያገኘውን ነገር ሳያነሣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ከፍታውንና የቦታ መለያውን መዝግቦ፣ የአፈሩን ንብርብር ይሣል፤ ይህ ለቀያሽ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ በቤቱ የሳንቲም ስብስብ ያለው አባል ከዛሬ ጀምሮ የያንዳንዱን መገኛ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ሲያልፍ ሳንቲሞቹ ለአንጥረኛ በክብደት የሚሸጡት ማንም ምን እንደሆኑ ስለማያውቅ ነው።

ሰብሳቢው በወጣትነቱ የፈለገው ዕቃውን ማግኘት ነበር፤ ሲበስል የፈለገው ዕቃውን ማወቅ ሆነ፤ በመጨረሻም የሚፈልገው ዕቃው ከታሪኩ ጋር ለሚመጣው ትውልድ እንዲደርስ ብቻ ነው። ይህን መንገድ ለመጓዝ እርሱ ሠላሳ ዓመት ይፈጅበታል። በደቡብ ኦሞ አፈር ላይ ማሽን የሚያሰማራ መሐንዲስ ግን ይህን ያህል ጊዜ የለውም፤ ከመጀመሪያው የቍፋሮ ቀን በፊት አውቆ መገኘት ይገባዋል።